ኤፒክቴተስ

ኤፒክቴተስ ከ50 ገደማ እስከ 135 ገደማ የኖረ፣ ከባርነት ተነሥቶ በሮማ ግዛት ውስጥ ስመ ጥር መምህር ለመሆን የበቃ የግሪክ ፈላስፋ ነው። ከሴኔካና ከንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬሊዎስ ጋር በሮማ ዘመን ከነበሩት ሦስት ታላላቅ የስቶይክ ፈላስፎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ለሕዝብ ያወጣው መጽሐፍ የለም፤ ትምህርቱ ወደ እኛ የደረሰው አርያን የተባለ ተማሪው በማስታወሻ ስለያዘው ነው። የትምህርቱም እምብርት የሰው ልጅ በእጁ ያለውንና በእጁ የሌለውን ለይቶ ማወቅ አለበት የሚል ነው። ይህን ያስተማረው ሰው በልጅነቱ የራሱ ሰውነት እንኳ በሕግ የራሱ ያልነበረ፣ እግሩ አንካሳ የሆነና ከሚኖርበት ከተማ የተባረረ ሰው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ትውልድና የባርነት ዘመን

ኤፒክቴተስ የተወለደው በፍርግያ አገር በሂየራፖሊስ ከተማ ነው። ከተማዋ ዛሬ በቱርክ ምዕራባዊ ክፍል ፓሙካሌ በሚባለው የፍል ውሃ ቦታ አጠገብ ፍርስራሿ ይታያል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ከሎዶቅያ ጋር አብራ የተጠቀሰችውም ከተማ ይህችው ናት። ወላጆቹ ያወጡለት ስም አልተመዘገበም። ኤፒክቴተስ የሚለው ቃል በግሪክኛ የተገኘ፣ በገንዘብ የተያዘ ማለት ሲሆን፣ ለባሪያ የሚሰጥ መጠሪያ ነበር።

ገና ወጣት ሳለ ወደ ሮማ ከተማ ተወሰደ። በዚያም ጌታው ኤጳፍሮዲጦስ የተባለ ባለጸጋ ነበር። ኤጳፍሮዲጦስ ራሱ ቀድሞ ባሪያ ነበረ፤ ነጻ ከወጣ በኋላ በንጉሠ ነገሥት ኔሮን ቤት ከፍ ብሎ፣ ለንጉሡ የሚቀርቡትን አቤቱታዎች የሚመለከት ጸሐፊ ሆነ። በ65 በኔሮን ላይ የተጠነሰሰው ሴራ ሲጋለጥ ወሬው አስቀድሞ የደረሰው ለእርሱ ነበር። በ68 ኔሮን ዙፋኑን አጥቶ በሸሸ ጊዜ አብሮት የነበረውና ራሱን ሲገድል የረዳውም ይኸው ሰው ነው።

ስለዚህ ኤፒክቴተስ ያደገው በሥልጣን ደጃፍ ነው። በዚያ ቤት ያየውን በኋላ ለተማሪዎቹ እየነገረ ያስቃቸውና ያስተምራቸው ነበር። ከነገራቸው አንዱ የጫማ ሰፊው የፌሊኪዮ ታሪክ ነው። ፌሊኪዮ የኤጳፍሮዲጦስ ባሪያ ነበር፤ ጌታውም ሥራ አይችልም ብሎ ሸጠው። የገዛው ግን ከቄሳር ቤተ ሰዎች አንዱ ነበርና ፌሊኪዮ የቄሳር ጫማ ሰፊ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ኤጳፍሮዲጦስ የሸጠውን ሰው በአክብሮት ይቀበለውና ደህንነቱን ይጠይቀው ጀመር። ሰዎች ኤጳፍሮዲጦስን ፈልገው ሲመጡም ከፌሊኪዮ ጋር ምክክር ይዟል የሚል መልስ ይሰጣቸው ነበር። በሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ሰው ከኤጳፍሮዲጦስ ጉልበት ሥር ወድቆ፣ የቀረኝ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሴስተርስ ብቻ ነው ብሎ አለቀሰ። ገንዘቡ ለተራ ሰው የማይቆጠር ሀብት ነው። ኤጳፍሮዲጦስ ግን አልሳቀበትም፤ ይህን ያህል መከራ እንዴት ዝም ብሎ እንደቻለው እየተደነቀ አዘነለት።

ከእነዚህ ታሪኮች ኤፒክቴተስ የወሰደው ትምህርት፣ ሰው በሕግ ጌታ ሆኖ በልቡ ባሪያ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ጫማ ሰፊውን የሚፈራ ባለጸጋና ሚሊዮን ይዞ የሚያለቅስ ሀብታም ሁለቱም ነጻ አይደሉም ብሎ ያምን ነበር።

የእግሩ ጉዳት

ኤፒክቴተስ አንካሳ ነበር፤ እርሱም ራሱን አንካሳ ሽማግሌ እያለ ይጠራ ነበር። የጉዳቱን ምክንያት በሚመለከት ሁለት ትረካዎች አሉ። አንደኛው በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የክርስትና ተቃዋሚ የነበረው ኬልሱስ የጻፈውና ኦሪጀን ሲመልስለት ያቆየው ነው። በዚህ ትረካ ጌታው እግሩን ሲጠመዝዝ ኤፒክቴተስ ሳይቆጣ እግሩ እንደሚሰበር አስጠነቀቀው፤ በተሰበረም ጊዜ ቀድሜ ነግሬህ ነበር ከማለት በቀር አልጮኸም። ሁለተኛው ሱዳ በተባለው የቢዛንታይን መዝገበ ዕውቀት የሚገኝ ሲሆን፣ እግሩ የተጎዳው በበሽታ ነው ይላል። ስለ ትምህርቱ ሰፊ ትንታኔ የጻፈው ሲምፕሊኪዩስም ከልጅነቱ ጀምሮ አንካሳ እንደነበረ ብቻ ይገልጻል። ኬልሱስ ታሪኩን ያነሣው የኤፒክቴተስን ትዕግሥት ከክርስቶስ ትዕግሥት ጋር ለማወዳደር ስለነበር፣ ብዙ ሊቃውንት የበሽታውን ትረካ ይመርጣሉ።

ኤፒክቴተስ ስለ እግሩ ሲናገር ማማረር አይታይበትም። አንካሳነት እግርን እንጂ ፈቃድን አያሰናክልም ብሎ ያስተምር ነበር። በክፍሉ የተቀመጡት ጤነኛ ወጣቶች ይህን የሚሰሙት እየነከሰ ወደ ወንበሩ ከሚሄድ ሰው አንደበት ነበር።

የሙሶኒዩስ ተማሪ

ኤጳፍሮዲጦስ ባሪያውን ወደ ፍልስፍና ትምህርት እንዲሄድ ፈቀደለት። መምህሩ ጋይዮስ ሙሶኒዩስ ሩፎስ በዚያን ጊዜ በሮማ ከነበሩት የስቶይክ መምህራን ሁሉ የታወቀው ነበር። ኔሮን በ65 ጊያሮስ ወደምትባል ጭንጫ ደሴት አግዞት ነበር፤ ከኔሮን ሞት በኋላ ወደ ሮማ ተመለሰ። ሙሶኒዩስ ፍልስፍና በተግባር የሚፈተን እንጂ በቃል የሚያልቅ አይደለም ይል ነበር። ሴቶችም እንደ ወንዶች ፍልስፍናን መማር አለባቸው ብሎ ማስተማሩ በዘመኑ ያልተለመደ ነበር።

ሙሶኒዩስ ተማሪዎቹን የሚፈትነው በጥብቅ ነው። ኤፒክቴተስን ጌታህ እንዲህ ያለ ቅጣት ሊያደርስብህ ነው እያለ ያስፈራራውና ምን እንደሚመልስ ያይ ነበር። ወጣቱም እንዲህ ያለው ነገር በሰው ላይ የሚደርስ ነው ብሎ በእርጋታ ሲመልስ መምህሩ ይረካ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ኤፒክቴተስ በሎጂክ ልምምድ ውስጥ የጎደለውን ነጥብ ማግኘት አቃተው። ሲገሠጽም፣ ጥፋቱ ታላቁን የካፒቶል ቤተ መቅደስ እንደማቃጠል የሚቆጠር አይደለም ብሎ ራሱን ለመከላከል ሞከረ። ሙሶኒዩስ ግን በያዝከው ሥራ ውስጥ ካፒቶሉ ይኸው የጎደለው ነጥብ ነው የሚል መልስ ሰጠው። ኤፒክቴተስ ይህን ታሪክ በሽምግልናው በራሱ ላይ እየተናገረ፣ ትንሽ ስሕተትን የሚንቅ ተማሪ ትልቁንም እንደሚስት ያስረዳበት ነበር።

ነጻነትና ስደት

ኤፒክቴተስ ከባርነት ነጻ ወጥቶ በሮማ ማስተማር ጀመረ። በዚያ የሚኖርበት ቤት መቀርቀሪያ አያስፈልገውም ነበር ይባላል፤ በውስጡ ከገለባ ፍራሽና ከሰሌን በቀር የሚሰረቅ ነገር አልነበረምና።

በዘመኑ ፈላስፋ መሆን አደጋ ነበረው። የስቶይክ ትምህርት ከተከተሉት የሮማ መኳንንት ብዙዎቹ ንጉሠ ነገሥታቱን በግልጽ በመቃወማቸው ተገድለዋል ወይም ተግዘዋል። ኤፒክቴተስ እንደ ምሳሌ ከሚያነሣቸው አንዱ ሄልቪዲዩስ ጵሪስቆስ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን ወደ ሴኔት እንዳይገባ ቢያዘውም፣ አባል እስከሆነ ድረስ መግባት ግዴታው እንደሆነ፣ ከተጠየቀም እውነት የመሰለውን መናገር እንዳለበት መለሰለት። በመጨረሻም ሕይወቱን ከፈለበት። ሌላው በኔሮን ላይ በተደረገው ሴራ ምክንያት የተገደለው ላቴራኖስ ነው። ኤጳፍሮዲጦስ መጥቶ ሲጠይቀው፣ የምናገረው ካለኝ ለጌታህ እናገራለሁ ብሎ ሸኘው። አንገቱን ለሰይፍ በሰጠ ጊዜም የመጀመሪያው ምት ደካማ ሆኖ ለአፍታ ቢሸማቀቅ መልሶ አንገቱን ዘረጋ። ኤፒክቴተስ የሚያስተምረው ድፍረት በቅርብ የሚያውቀው እንጂ ከመጽሐፍ ብቻ የተገኘ አልነበረም።

በ93 ገደማ ንጉሠ ነገሥት ዶሚቲያን ፈላስፎችን ከሮማና ከመላው ኢጣልያ አስወጣ። ኤፒክቴተስም ከተባረሩት አንዱ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዶሚቲያን የቀድሞ ጌታውን ኤጳፍሮዲጦስን፣ ለኔሮን ሞት እጁን አበድሯል በሚል አስገደለው። ስደተኛው ባሪያ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ሲኖር፣ በቄሳር ቤት የከበረው ጌታ በቄሳር እጅ ጠፋ።

የኒኮፖሊስ ትምህርት ቤት

ኤፒክቴተስ የሄደው በምዕራብ ግሪክ ወደምትገኘው ወደ ኒኮፖሊስ ነው። ከተማዋን የመሠረተው አውግስጦስ ቄሳር ሲሆን፣ በ31 ዓመተ ዓለም ከክርስቶስ ልደት በፊት በአክትዩም ባሕር ላይ አንቶኒዮስንና ክሌዎፓትራን ድል ማድረጉን ለማስታወስ ነበር፤ ስሟም የድል ከተማ ማለት ነው። ጳውሎስ ለቲቶ በጻፈው መልእክት ክረምቱን ሊያሳልፍባት እንዳሰበ የሚጠቅሳት ከተማ ይህችው ናት ተብሎ ይታመናል። ከኢጣልያ ወደ አቴና የሚጓዙ መርከቦች የሚያልፉባት በመሆኗ፣ ባለሥልጣናትና መንገደኞች ወደ አንካሳው መምህር ጎራ ማለት ልማድ ሆነባቸው።

ተማሪዎቹ በአብዛኛው የባለጸጎች ልጆች ነበሩ። ከቤታቸው ርቀው ስለሚኖሩ ናፍቆት ይይዛቸዋል፤ ከትምህርቱም በኋላ የመንግሥት ሥራ ይጠብቃቸዋል። የትምህርቱ ቀን ሁለት ክፍል ነበረው። በመጀመሪያ የክሪሲጶስንና የሌሎች የቀድሞ ስቶይኮችን መጻሕፍት ያነብባሉ፣ የሎጂክ ልምምድ ይሠራሉ። ቀጥሎ ኤፒክቴተስ ከተነበበው፣ ከተማሪ ጥያቄ ወይም ከእንግዳ ጉዳይ ተነሥቶ በነጻነት ይናገራል። የደረሱን ጽሑፎች የዚህ የሁለተኛው ክፍል ማስታወሻዎች ናቸው።

የፈላስፋ ትምህርት ቤት የሐኪም ቤት ነው ብሎ ያስብ ነበር። አንዱ ትከሻው ወልቆ፣ ሌላው ራሱን ታምሞ ወደዚያ ይመጣል፤ ስለዚህም ሲወጣ ሕመም ሊሰማው እንጂ ሊዝናና አይገባም። ያነበበውን በየአደባባዩ የሚደረድር ተማሪ በጎች ለእረኛቸው የበሉትን ሣር አምጥተው እንደማያሳዩ፣ ይልቁንም ሱፍና ወተት እንደሚሰጡ እያሰበ እንዲያፍር ይፈልግ ነበር።

ከእንግዶቹ መካከል ስለ አንድ ሹም የተነገረው ታሪክ በተለይ ይጠቀሳል። ኤፒክቴተስ ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ ሲጠይቀው፣ ሰውየው ትንሽ ሴት ልጁ በታመመች ጊዜ ሥቃይዋን ማየት አልቻለም፣ ከቤት ወጥቶ ሸሽቶ መዳኗ ሲነገረው ብቻ ተመለሰ። ይህንንም ያደረገው ከፍቅር ብዛት እንደሆነና ለአባት የተገባ እንደሆነ ያምናል። ኤፒክቴተስ አልዘለፈውም፤ ደረጃ በደረጃ እየጠየቀ ወሰደው። እናቲቱ ልጇን ትወዳለች? ሞግዚቷስ? ታዲያ እነርሱም ከፍቅር የተነሣ ጥለው ቢሄዱ ሕፃኗ በማን እጅ ትቀር ነበር? አንተስ ስትታመም ወዳጆችህ እንዲህ እንዲወዱህ ትፈልጋለህን? ሰውየው መልስ አጣ። ኤፒክቴተስም ያስሸሸው በሽታው ሳይሆን ስለ በሽታው በልቡ የፈረደው ፍርድ እንደሆነ አሳየው። ስቶይክ ማለት ስሜት የሌለው ድንጋይ ማለት ነው ለሚሉ ሰዎች ይህ ታሪክ ጥሩ መልስ ነው፤ በእርሱ ዘንድ እውነተኛ ፍቅር ከታማሚው አጠገብ የሚቀመጠው ነውና።

ሌላው ከግዞት ወደ ሮማ ይመለስ የነበረ ሽማግሌ ባለሥልጣን ነው። የቀረውን ዘመኑን በዕረፍትና በጸጥታ እንደሚያሳልፍ በኒኮፖሊስ ቃል ገባ። ሮማ ከመድረሱ በፊት ግን የቄሳር ደብዳቤ ደረሰው፤ የማለውን ሁሉ ረስቶም ሹመት በሹመት ላይ ደራረበ። ኤፒክቴተስ እንደማይችል አስቀድሞ ነግሮት ነበር።

ትምህርቱ

የስቶይክ ፍልስፍና በ300 ዓመተ ዓለም ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአቴና በዜኖን ዘኪቲዮን የተጀመረ ነው። ስሙን ያገኘው ዜኖን ያስተምርበት ከነበረው ስቶዓ ከተባለው ባለ ሥዕል በረንዳ ነው። ይህ ትምህርት ለሰው እውነተኛው መልካም ነገር በጎነት ብቻ ነው፤ ሀብት፣ ጤናና ክብር በራሳቸው መልካምም ክፉም አይደሉም ይላል። ኤፒክቴተስ አዲስ ፍልስፍና አልፈጠረም፤ የቀድሞዎቹን ትምህርት ለዕለት ኑሮ በሚሆን መንገድ አቀረበ እንጂ።

በእጃችን ያለና የሌለ፦ ፍርዳችን፣ ምኞታችን፣ አንድን ነገር መሻታችንና መሸሻችን በእጃችን ናቸው። ሰውነታችን፣ ንብረታችን፣ ስማችንና ሹመታችን ግን ሙሉ በሙሉ በእጃችን አይደሉም። የሰው መከራ የሚመጣው ሁለቱን ሲያምታታ ነው። በሌላ ሰው እጅ ያለውን ነገር የግድ የሚፈልግ ሰው፣ ያ ነገር ያለው ሁሉ ጌታው ይሆናል።

ይህ ማለት ግን ሥራን መተው አይደለም። ኤፒክቴተስ በባሕር ጉዞ ይመስለዋል። ተጓዡ መርከቡን፣ ካፒቴኑንና ቀኑን በጥንቃቄ ይመርጣል፤ ከዚያ ማዕበል ቢነሣ የእርሱ ድርሻ አብቅቷል። የኳስ ጨዋታንም በምሳሌነት ያነሣል፤ ኳሱ በራሱ ዋጋ የለውም፣ ጎበዝ ተጫዋች ግን ለመቀበልም ለመወርወርም ይተጋል።

ይሁንታ፦ ነገሮች ወደ አእምሮአችን ሲመጡ መልክ ይዘው ይመጣሉ፤ ስድብ እንደ ጉዳት፣ ሞት እንደ ጥፋት ሆኖ ይታያል። ያንን መልክ ተቀብሎ ይሁን ማለት ወይም ቆይ ልመርምርህ ማለት ግን የእኛ ሥራ ነው። ኤፒክቴተስ ይህን የመምረጥ ችሎታ ፕሮሀይሬሲስ ይለዋል፤ ዜውስ እንኳ ሊያስገድደው እንደማይችልም ያስተምራል።

ሦስቱ የልምምድ ዘርፎች፦ የመጀመሪያው ምኞትንና ፍርሃትን ማረቅ ነው። ሁለተኛው እንደ ልጅ፣ እንደ ወንድም፣ እንደ አባት፣ እንደ ዜጋ የሚገባንን ማድረግ ነው። ሦስተኛው በአስተሳሰብ ላለመታለል ይሁንታን መጠበቅ ነው። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ያለውን ሳይለማመዱ ለታይታ ወደ ሦስተኛው መሮጣቸው ያናድደው ነበር።

ግንኙነትና ግዴታ፦ ክፉ አባት ያለው ልጅ ተፈጥሮ የሰጠችው አባት እንጂ ጥሩ አባት አይደለም ይላል ኤፒክቴተስ። አባቱ የሚያደርገው በልጁ እጅ አይደለም፤ ልጁ ልጅነቱን መጠበቁ ግን በእጁ ነው።

ስለ ባርነት፦ ለብ ያለ ውሃ ያመጣ ወይም ሲጠሩት ያልሰማ ባሪያ ላይ የሚቆጣን ጌታ ይገሥጸው ነበር። ባሪያውም ጌታውም የአንድ አምላክ ልጆች፣ ስለዚህም ወንድማማቾች እንደሆኑ፣ የግዢ ውል ይህን ሊሽረው እንደማይችል ያስታውሰው ነበር።

የግል ሕይወቱና የመጨረሻ ዘመኑ

ኤፒክቴተስ ዕድሜውን ሙሉ በድህነት ኖረ። አንድ ሌሊት በቤቱ አማልክት ፊት የሚያበራውን የብረት ኩራዝ ሌባ ሰረቀው። እርሱም ነገ የሸክላ ኩራዝ እገዛለሁ ብሎ ነገሩን ተወው፤ ሰው የሚያጣው ያለውን ነው፣ ሌባው ግን ለኩራዙ የከፈለው ዋጋ ታማኝነቱን ነው ብሎ ያስብ ነበር። ሉቅያን የተባለው ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ ኤፒክቴተስ ከሞተ በኋላ አንድ ሰው የሸክላ ኩራዙን በ3,000 ድራክማ ገዛው። በዚያ ብርሃን ማታ ማታ ቢያነብ የመምህሩ ጥበብ ሳይደክም የሚገባለት መስሎት ነበር። ሉቅያን ታሪኩን ያነሣው ገዢውን ለመሳለቅ ነው።

ብዙ ዘመን ሳያገባ ኖረ። ፈላስፋ ማግባትና ልጆች ማፍራት አለበት ብሎ ዴሞናክስን በመከረው ጊዜ፣ ዴሞናክስ እንግዲያው ከሴት ልጆችህ አንዷን ዳርልኝ ብሎ እንዳሳፈረው ይነገራል፤ ኤፒክቴተስ ልጅ አልነበረውምና። ይሁን እንጂ በሽምግልናው አንድ ወዳጁ ከድህነት የተነሣ ሕፃን ልጁን ሜዳ ላይ ሊጥል ሲል፣ ኤፒክቴተስ ሕፃኑን ወስዶ አሳደገው፤ ለማሳደጊያም የምትረዳውን ሴት ወደ ቤቱ አስገባ። ሕፃናትን መጣል በሮማ ሕግ ያልተከለከለና የተለመደ ነገር ነበር።

ንጉሠ ነገሥት ሀድርያን ወዳጁ እንደነበረ ተጽፏል። ዶሚቲያን ከሞተ በኋላ ወደ ሮማ የመመለስ ዕድል የነበረው ቢሆንም በኒኮፖሊስ ማስተማሩን ቀጠለ፤ በ135 ገደማም በዚያው አረፈ።

መጻሕፍቱ

የኤፒክቴተስን ቃል ያቆየው የኒቆሜድያው አርያን ነው። በ108 ገደማ በኒኮፖሊስ ተማሪ ነበር። በኋላ ቆንሲልና የቀጰዶቅያ አገረ ገዢ ሆነ፤ ስለ ታላቁ እስክንድር ዘመቻ የጻፈው ታሪክም እስከ ዛሬ ዋና ምንጭ ነው።

«ንግግሮች» የተባለው ሥራ ዛሬ በአራት መጻሕፍት ይገኛል፤ ቀድሞ ከዚህ ይበልጥ ነበር። ለዚህ አንዱ ማስረጃ አውሉስ ጌሊዩስ የጻፈው ነው። በማዕበል ውስጥ ፊቱ የገረጣ አንድ የስቶይክ ፈላስፋ፣ የመጀመሪያው ድንጋጤ በእጃችን አለመሆኑን ለማስረዳት ከከረጢቱ የኤፒክቴተስን አምስተኛ መጽሐፍ አውጥቶ አሳየው። አርያን መጽሐፉን በኮይኔ ግሪክኛ ጻፈው፤ ይህም አዲስ ኪዳን የተጻፈበት የተራው ሕዝብ ቋንቋ ነው። የደረሱን ቅጂዎች ሁሉ የተገለበጡት ዛሬ በኦክስፎርድ ከሚገኝ ከአንድ የብራና መጽሐፍ ነው። ሊቃውንት ይህን ያወቁት በብራናው አንድ ገጽ ላይ ያለ እድፍ የሸፈናቸው ቃላት በሌሎቹ ቅጂዎችም በዚያው ቦታ ስለሚጎድሉ ነው።

«ኤንኪሪድዮን» ማለትም በእጅ የሚያዝ መመሪያ ደግሞ አርያን ከ«ንግግሮች» አሳጥሮ ያዘጋጀው ባለ 53 ምዕራፍ ትንሽ መጽሐፍ ነው።

ተጽዕኖው

ኦሪጀን እንደሚመሰክረው የፕላቶን መጻሕፍት በሊቃውንት እጅ ብቻ ሲገኙ፣ ኤፒክቴተስን ግን ተራ ሰዎችም ይወዱት ነበር። ከ161 እስከ 180 የነገሠው ማርቆስ አውሬሊዎስ በማስታወሻው መምህሩን ሩስቲኮስን ከሚያመሰግንባቸው ነገሮች አንዱ የኤፒክቴተስን ትምህርት ማስታወሻ ከራሱ ቤት አምጥቶ ስለሰጠው ነው። በዚህ መንገድ ባሪያ የነበረ ሰው የዓለም ገዢ መምህር ሆነ።

በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ሲምፕሊኪዩስ በ«ኤንኪሪድዮን» ላይ ሰፊ ትርጓሜ ጻፈ። የምሥራቅ ክርስቲያን መነኮሳትም መጽሐፉን ለገዳም ኑሮ እንዲስማማ አድርገው ሲያዘጋጁት፣ በአንዳንድ ቦታ የሶቅራጥስን ስም በጳውሎስ ተኩት። በ1605 የኢየሱሳውያን ሚስዮናዊ ማቴዎ ሪቺ ከዚሁ መጽሐፍ ወስዶ በቻይንኛ «ሃያ አምስት ንግግሮች» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። በ1758 ኤልሳቤጥ ካርተር የኤፒክቴተስን ሥራዎች ሙሉ በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ መለሰች።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካው የባሕር ኃይል አብራሪ ጄምስ ስቶክዴል በመስከረም 1965 በሰሜን ቬትናም ላይ አውሮፕላኑ ተመትቶ ተማረከ። እግሩ ተሰብሮ ከሰባት ዓመት በላይ በእስር ሲቆይ፣ አስቀድሞ ያነበበው «ኤንኪሪድዮን» እንዳጸናው በኋላ በስፋት ጽፏል። አልበርት ኤሊስና አሮን ቤክ የመሠረቷቸው የሥነ ልቦና ሕክምና ዘዴዎችም፣ ሰውን የሚያውከው ነገሩ ሳይሆን ስለ ነገሩ ያለው አስተያየት ነው ከሚለው የስቶይኮች ሐሳብ ጋር ዝምድና እንዳላቸው መሥራቾቹ ራሳቸው ተናግረዋል።

ትችት

ኤፒክቴተስ ተቺዎች አላጡትም። ፈረንሳዊው ፓስካል የሰውን ግዴታ እንደ እርሱ ያወቀ ጥቂት ነው ብሎ ቢያደንቀውም፣ ሰው ያን ግዴታ በራሱ ኃይል ይፈጽመዋል ማለቱን ትዕቢት አድርጎ ቆጠረው። ልጅህን ስትስም ሟች መሆኑን አስብ የሚለው ምክሩ ደግሞ ለብዙ አንባቢዎች ጨካኝ ይመስላል። ደጋፊዎቹ ምክሩ የተነገረው ብዙ ሕፃናት ሳያድጉ በሚሞቱበት ዘመን መሆኑን፣ ዓላማውም ፍቅርን ማቀዝቀዝ ሳይሆን ያለችውን ቀን ማክበር መሆኑን ያስረዳሉ።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን ስለ ባርነት ነው። የውስጥ ነጻነትን ብቻ የሚሰብክ ትምህርት በሰንሰለት ያለውን ሰው ሰንሰለቱን እንዲቀበል አያደርገውምን? ኤፒክቴተስ ባርነት እንዲሻር አልጠየቀም። በሌላ በኩል ትምህርቱ ለገዢዎች የሚመች አልነበረም፤ ከቄሳር የሚፈልገው ነገር የሌለውን ሰው ቄሳር በምን ያስፈራራዋል? ዶሚቲያን ፈላስፎችን ከኢጣልያ ማስወጣቱ፣ ሄልቪዲዩስም በአደባባይ ዝም ከማለት መሞትን መምረጡ ይህን ያሳያል። ኤፒክቴተስ ራሱም የጌቶችን ልጆች ከፊቱ አስቀምጦ፣ ከእናንተ መካከል ነጻ የሆነው ማን ነው እያለ ዕድሜውን ሙሉ የጠየቀ የቀድሞ ባሪያ ነበር።